ፈቃድ በሌለው ደላላ በኩል ቤት መግዛት፦ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ላጣራ?

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ አያት አካባቢ፣ 175 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+1 ቤት ለማከራየት ልገዛ ነው። የተጠራው ዋጋ 15 ሚሊዮን ብር ነው። ቤቱን ያገኘው ደላላ ንግድ ፈቃድ የለውም፤ ስጠይቀው «እዚህ ሰፈር ፈቃድ ያለው ደላላ የት አለና» ነው መልሱ። ባለቤቱ ውጭ አገር ስለሆነ የሚሸጠው በወኪል ነው።

ያቀረቡልኝ አካሄድ ይህ ነው፦ 600,000 ብር ቀብድ በደላላው ሒሳብ ይገባል፤ እሱ ያዘጋጀው ውል ላይ እኛና ሦስት ምስክሮች እንፈርማለን፤ በሁለት ወር ውስጥ ውልና ማስረጃ ቀርበን እንጨርሳለን። የመንግሥት ክፍያ እንዲቀንስ ውልና ማስረጃ በሚፈረመው ላይ ዋጋው 6 ሚሊዮን ተብሎ ይጻፋል። እኔ መምጣት ስለማልችል ወንድሜ በውክልና ይፈርማል። ዜግነቴ አሜሪካዊ ነው፣ ቢጫ ካርድ አለኝ።

ወረቀቱ ከተሟላ የደላላው ፈቃድ መኖር አለመኖር ለውጥ ያመጣል?

ካርታ_አንባቢ

ከቢጫ ካርዱ ልጀምር፤ እሱ ችግር የለውም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። የአገልግሎት ዘመኑ አለማለፉን ብቻ ይዩ።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ደላላው ፈቃድ ስለሌለው ብቻ ሽያጩ አይፈርስም። ሽያጩ የገዢና የሻጭ ጉዳይ ነው። አደጋው የሚመጣው ይኸው ሰው ገንዘብ ተቀባይ፣ ውል ጸሐፊና ሰነድ አጣሪ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ባቀረቡልዎ አካሄድ ደግሞ ሦስቱንም ሆኗል። ነገሩ ቢበላሽ ደረሰኝ አልቆረጠ፣ ቢሮ የለው፣ ሲም ካርዱን አውጥቶ ከጣለ የሚይዙት ነገር አይኖርም። ፈቃድ ያለውን ሰው ቢያንስ በቲን ቁጥሩ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ገጽ ፈልገው ስሙን፣ የሥራ ዘርፉንና ፈቃዱ መታደሱን ያያሉ። ዘርፉን ሳያዩ አይለፉ፤ የልብስ ሱቅ ፈቃዱን በቴሌግራም ልኮ «ይኸው ፈቃዴ» የሚል አይጠፋም።

ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ሰው ቤት ያሳይ፣ ሻጭና ገዢ ያገናኝ። ከዚያ አይለፍ።

ማጣራቱን ወንድምዎ ይሥራ። የካርታ ፎቶ ኮፒ ምንም አያረጋግጥም፤ ፎርጅዱ ካርታ ከዋናው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ካርታው መታየት ያለበት ክፍለ ከተማው ካለው ማኅደር ጋር ነው። ማኅደሩ እንዲወጣ የሚጠይቀው ባለይዞታው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ስለሆነ፣ ወኪሉ ከወንድምዎ ጋር አብሮ ይሂድ። «ለምን ትደክማላችሁ፣ እኔ አጣርቼ ወረቀቱን አመጣላችኋለሁ» ካለ እዚያው ያቁሙ።

ማኅደሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ስም ነው፣ እስከ አያት። በአንድ ፊደል የሚለያይ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ ያስተካክል። ቀጥሎ ይዞታው ሊዝ ነው ወይስ ነባር? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ዓመታዊ ክፍያ ለእርስዎ ይተርፋል፤ የመጨረሻውን ደረሰኝ ይጠይቁና ቀሪውን ከዋጋው ላይ ይደራደሩበት። ከዚያ የፍርድ ቤት እግድና የባንክ መያዣ። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ስለዚህ «ብድሩ ትንሽ ነው የቀረው» የሚለውን በቃል አይቀበሉ። አካባቢው በካዳስተር (በመንግሥት የመሬት ይዞታ መዝገብ) የተመዘገበ ከሆነ ልዩ የይዞታ መለያ ቁጥሩን ይዘው የመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ ዘንድም ያመሳክሩ።

ከወረቀቱ በኋላ ሜትር ይዘው ቦታው ላይ ይሂዱ። ካርታው 175 ካሬ ብሎ አጥሩ 198 ካሬ ከከለለ፣ 23ቱ ካሬ የእርስዎ አይሆንም፤ ከመንገድ ወይም ከጎረቤት የተወሰደ ነው። ሰርቪስ ቤቱ በተፈቀደው ፕላን ላይ አለ ወይ? የኪራዩ ሒሳብ ሰርቪሱን ጨምሮ ከተሠራ ይህ ጥያቄ ገንዘብ ነው፤ ያለፈቃድ የተሠራው ክፍል ሲፈርስ ካሳ የለውም።

ሰነድ_ዐዋቂ

እኔ ስለ ውሉ ልጨምር፤ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነውና።

ደላሎች የሚያስፈርሙት ውል መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው»። ግርማ ሞገስ ቢኖረውም የጎደለውን አይሞላም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን የሚመለከተው ቁጥር 1723 ነው፤ በጽሑፍ ከመሆኑ በላይ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የሚሆነው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው፣ ሁላችንም ውልና ማስረጃ በምንለው። ምስክሩ ሦስት ሆነ አሥር ያንን አይተካም። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ፎርም ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል እንደ ረቂቅ የሚቆጠር መሆኑን አስገዳጅ ትርጉም ሰጥቶበታል። ሻጩ መሸጡን ባመነባቸው ክርክሮች ችሎቱ ለየት ያለ አቋም የያዘባቸው ውሳኔዎች አሉ፤ ግን 600,000 ብር በሻጩ እምነት ላይ የሚያስይዝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ቀብዱን ይመልከቱ። በሕጉ (ቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ) ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ደላላው የሚነግርዎ ይህን ነው፣ ልክም ነው። ያልነገረዎ ግን ውሉ ራሱ ፎርም ካላሟላ የእጥፉ ክርክር መሬት እንደሌለው ነው፤ ፍርድ ቤቱ ተዋዋዮቹን ወደ ነበሩበት ይመልሳል (1815)። ወደ ነበሩበት ሲመለሱ ደግሞ ገንዘቡ የገባው በደላላው ሒሳብ ነው። ሻጩ «እኔ አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም፣ ደላላውም ወኪሌ አይደለም» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ገደብ (ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው ቅጣት) ብለው 1 ሚሊዮን ብር ቢጽፉበትም ያው ነው፣ ዋናው ውል ሳይጸና ገደቡ ለብቻው አይቆምም።

ዋጋ አሳንሶ መጻፉን ደግሞ ፈጽሞ አይቀበሉ። ሕገ ወጥ ከመሆኑ ባሻገር ጉዳቱ ለእርስዎ ነው፦ ነገ በሻጩ የትዳር ጓደኛ ወይም በወራሽ ክስ ውሉ ቢፈርስ፣ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የተረጋገጠ ሰነድ 6 ሚሊዮን ይላል። ቀሪውን 9 ሚሊዮን በምን ሊያስረዱ ነው? ከተማ አስተዳደሩም የራሱ ግምት ስላለው የሚያተርፉት ደላላው እንደሚለው አይሆንም።

የሻጩ የጋብቻ ሁኔታ አይዘለል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 69)። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ የግል ንብረት አያደርገውም። ያገባ ከሆነ የሚስትም ፊርማ ወይም ውክልና፣ ያላገባ ከሆነ የወሳኝ ኩነት ማስረጃ፣ የተፋታ ከሆነ የፍቺውና የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ይቅረብ።

ውሉን የሚያረቅልዎ ጠበቃ ይሁን። «ጉዳይ አስፈጻሚ» የሚባሉት ብዙዎቹ የጥብቅና ፈቃድ የላቸውም፤ የፌዴራል ጥብቅና ፈቃዱን ጠይቀው ቁጥሩን ፍትሕ ሚኒስቴር ያጣሩ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወኪሉን ውክልና ፎቶ አሁን ላኩልኝ። «ጠቅላላ ውክልና» ይላል፤ «በስሜ የሚገኘውን ቤት እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ በማናቸውም መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ጉዳዬን እንዲፈጽም» የሚል አለበት። የተሰጠው በ2011 ዓ.ም ነው። ደላላው «ጠቅላላ ስለሆነ ሁሉን ያጠቃልላል» ይላል። ይበቃል?

ሰነድ_ዐዋቂ

አይበቃም። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚያሠራው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ 2205)፤ «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፎ መገኘት አለበት። በዚህ ውክልና ወኪሉ ተከራይ ሊያስገባ ይችላል፣ ቤቱን ሊሸጥልዎ አይችልም። ደላላው ይህን ሳያውቅ ቢሆን ለሥራው አይመጥንም፤ እያወቀ ከሆነ ደግሞ 600,000 ብሩን ለምን በራሱ ሒሳብ እንደፈለገ ገብቶዎታል።

«እንዲሸጥ» የሚል አዲስ ውክልና ቢያመጡም የሚጣሩ ነገሮች አሉ። ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን ለብቻው መጻፍ አለበት። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲው ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ውልና ማስረጃ መድረሱን ማኅተሞቹን እየቆጠሩ ይዩ። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፣ «የማይሻር» ተብሎ ቢጻፍበትም። ወካይ ከሞተ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናው ያበቃል (2232)። ከ2011 ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን በቪዲዮ ስልክ ፊቱን እያዩ፣ መታወቂያውን ካሜራው ላይ አስይዘው ያረጋግጡ። አለመሻሩን ውልና ማስረጃ ያጣሩ፤ በመጨረሻው ቀን ደግመው።

እርስዎ ለወንድምዎ የሚሰጡትም ጠባብ ይሁን። ቤቱን በካርታ ቁጥሩ ጠቅሰው «ለመግዛት፣ ውል ለመፈረምና ስም ለማዛወር» በቂ ነው። «መሸጥ መለወጥ» የሚለው የተለመደ ሐረግ እንዳይገባበት። ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ያው ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

የመገናኛ_ታዛቢ

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልተስማማኝም። ፈቃዱን ያን ያህል ባናገንነው ይሻላል። ፈቃድ ኖሮት፣ ቢሮ ከፍቶ፣ ክራቫት አስሮ አንዱን ቤት ለሁለት ሰው የሚያስማማ አለ። ፈቃድ ሳይኖረው ሃያ ዓመት በሐቅ የሠራም አለ። ፈቃዱ ሰውዬውን በኋላ እንዲያገኙት ይረዳል እንጂ ቤቱን ንጹሕ አያደርገውም።

ከልምድ የሚታየው ችግር ሰንሰለቱ ነው። ለእርስዎ የደወለው ደላላ ባለቤቱን አያውቀው ይሆናል። እሱ ከሌላው፣ ሌላው ከሌላው ሰምቶ ነው፤ በመሃል አራት አምስት ሰው አለ። ባለቤቱ 13.5 ሚሊዮን ያለው ቤት እርስዎ ጋ ሲደርስ 15 ይሆናል፤ ልዩነቱን ይካፈሉታል። የተለመደው ኮሚሽን ከየወገኑ 2 በመቶ ነው፤ በ15 ሚሊዮን 300,000 ብር ማለት ነው። ይህን ተቀብሎ በግልጽ የሚሠራ ደላላ ከባለቤቱ ጋር መገናኘትዎን አይፈራም። «ባለቤቱ ዋጋ ማውራት አይወድም» ወይም «ዋጋ እንዳታነሣበት» የሚልዎ ግን ከላይ የጨመረው አለ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ የኮሚሽኑን ስምምነት ለብቻ በአንድ ገጽ ይጻፉ። የደላላው ሙሉ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የሚከፈለው መጠን፣ የሚከፈልበት ጊዜ (ውልና ማስረጃ ከተፈረመ በኋላ በባንክ)፣ ደግሞም «ከባለቤቱ ዋጋ ላይ አልጨመርኩም፣ ጨምሬ ከተገኘሁ ልዩነቱን እመልሳለሁ» የሚል አንቀጽ። ብዙው ደላላ እዚህ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ስልክ ይመጣበታል።

ካርታ_አንባቢ

የመገናኛ_ታዛቢ ያለው ትክክል ነው። እንግዲህ ገንዘቡ በምን መንገድ ይሂድ የሚለው ቀርቷል።

ዶላሩን ለደላላው «ዘመድ» በጥቁር ገበያ እንዳይሰጡ። ምንዛሪው ቢያጓጓም ሕገ ወጥ ነው፣ ነገ ፍርድ ቤት ስትቆሙ ደግሞ ክፍያውን የሚያሳይ ወረቀት የለም። በራስዎ ስም ባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፣ ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ ወንድምዎ ከዚያ ሒሳብ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) እንዲያሠራ ብቻ ይፍቀዱለት።

ቀብድ የግድ ካሉ መጠኑ ይነስ፣ ሲፒኦው በባለቤቱ ስም ይሠራ፣ ጊዜውም ሁለት ወር ሳይሆን ማኅደር ለማጣራት የሚበቃ ይሁን። እግድና ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጸው ማስረጃ የተጻፈበትን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው፤ በማግስቱ እግድ ሊገባ ይችላል። ሁለት ወር የሚጠብቅ ውል ለሌላ ገዢም ሁለት ወር ይሰጣል።

ለፊርማው ቀን ዋናው ካርታ፣ የሻጭ ወይም የወኪል ዋና መታወቂያና ውክልና፣ የጋብቻ ማስረጃው፣ የሁለቱም ቲን፣ ከክፍለ ከተማው የመጣው ማስረጃ ዝግጁ ይሁኑ። ሲፒኦው በባለቤቱ ስም፣ ሙሉው ዋጋ በውሉ ላይ፣ የሲፒኦው ቁጥርም በውሉ ውስጥ። ቁልፍና ዋናው ካርታ የሚረከቡት ያን ዕለት ነው።

ውልና ማስረጃ መፈረም መጨረሻ አይደለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲገባ ነው (1185)። ፊርማው በደረቀ ማግስት ወንድምዎ ለስም ዝውውር ያመልክት። እስከዚያ ከዋጋው 10 በመቶ ገደማ ተይዞ ካርታው በስምዎ ሲወጣ እንዲከፈል ይደራደሩ፤ ሻጩ ከተስማማ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ዕዳም ከዚሁ ላይ ይታሰባል። ተከራይ ካለ ቅድሚያ የከፈለውን ኪራይ ማን እንደወሰደው አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ገቢውን አስበው ስለሚገዙ ይህ የእርስዎ ሒሳብ ነው።

ሰፈር_24

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ይህ ቤት ካልሆነ ያው ደላላ ሌላ ይዞ ይመጣል። አምስት ዓመት ያልሞላው ኮንዶሚኒየም ከሆነ «ሽያጭ ስለማይቻል የብድር ውል፣ ውክልናና ኑዛዜ እናሠራለን» ይላል። ሦስቱም ሲደመሩ ቤት አይሆኑም፦ ውክልናው ይሻራል፣ ኑዛዜውን ተናዛዡ በፈለገ ቀን በሌላ ኑዛዜ ይሽረዋል፣ የብድር ውሉ ደግሞ ቢበዛ ገንዘብ ያስመልሳል እንጂ ቤት አያሰጥም። ገደብ ለመሸሽ እንደተሠራ ከታወቀም ሌላ ጣጣ ነው። ባዶ የሊዝ ቦታ ከሆነ፣ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍ በአዋጅ 721/2004 ልዩ ሥርዓት አለው፤ እንደ ቤት ተዋውለው የሚወጡት አይደለም። ዳር ላይ ያለ የገበሬ መሬት ከሆነ ደግሞ ዋጋ አይጠይቁ፤ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው። ያልተጠናቀቀ አፓርታማ ከአልሚ ድርጅት ከሆነ በ2017 ዓ.ም በወጣው የሪል ስቴት አዋጅ መሠረት የአልሚነት ፈቃዱን፣ የዚያን ሕንጻ ግንባታ ፈቃድና የቦታውን ካርታ ይጠይቁ፤ የሽያጭ ሠራተኛው ብሮሹር አይቆጠርም።

አንባቢ_ብቻ

ይቅርታ፣ ቀብዱን ቀድሞ ለደላላ ለከፈለ ሰውስ?

ሰነድ_ዐዋቂ

ዛሬውኑ የባንክ ማስተላለፊያውን በማኅተም ያውጡ፣ የቴሌግራምና የቫይበር መልእክቶቹን ከነስልክ ቁጥራቸው ያስቀምጡ፣ የድምፅ መልእክት ካለ አይሰረዝ። ከዚያ በጠበቃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለደላላውም ለሻጩም ይላክ፤ ሻጩ «ቀብዱን አላውቅም» ብሎ በጽሑፍ ቢመልስ እንኳ ደላላው ላይ ይጠቅማል።

ፖሊስ ጋ ሲሄዱ አቤቱታው ላይ «ውሉን አላከበረም» ብለው አይጻፉ፤ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብለው ይመልስዎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚናገረው ስለ ማታለል ነው። ስለዚህ ምን ብሎ እንዳሳሳተ ይጻፉ፦ የማይሸጥ ውክልና ይዞ ይሸጣል ማለቱን፣ የሌለውን ፈቃድ አለኝ ማለቱን፣ ያሳየውን ካርታ ቁጥርና ክፍለ ከተማው የሰጠውን መልስ። ካርታው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ አንቀጽ 375ም ይከተላል።

ጎን ለጎን የፍትሐ ብሔር ክስ ሲቀርብ የደላላው የባንክ ሒሳብ ከፍርድ በፊት እንዲታገድ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 እና 154 ከክሱ ጋር በአንድ ቀን ይጠየቅ። የሒሳብ ቁጥሩ በማስተላለፊያው ደረሰኝ ላይ አለ። ክሱ ደርሶት ከሆነ በኋላ የሚጠየቅ እግድ ባዶ ሒሳብ ነው የሚያገኘው።